ለአንድ ብርጭቆ የተጻፈውን ለስልሳ ሰው መቅዳት

ሕይወት፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን። የዛሬው ርእሳችን ከራሴ ጥፋት የተነሣ ነው። ባለፈው ዓመት ለታናሽ እህቴ ምርቃት ግቢያችን ውስጥ ስልሳ ያህል እንግዶች ጠርተን ነበር፤ እኔም ቢራና ለስላሳ ብቻ ከምናቀርብ ማርጋሪታ የሚባለው ኮክቴል፣ ማለትም ቅይጥ የአልኮል መጠጥ፣ ይኑር ብዬ የአንዱን ብርጭቆ አሠራር በአርባ አባዛሁና ተኪላውንም፣ ሊከር የሚባለውን ጣፋጭ የብርቱካን አልኮልም፣ የሎሚ ጭማቂውንም በአንድ ትልቅ ባልዲ ቀላቀልኩት። ሒሳቡ አንድም ስሕተት አልነበረበትም። ይሁንና ሁለተኛውን ብርጭቆ የጨረሱት አጎቶቼ ገና ምሳ ሳይቀርብ ተነሥተው ንግግር ማድረግ ጀመሩ። ይህንን ለባር ባለሙያው ለጋሽ ወርቁ ስነግራቸው እስኪበቃቸው ከሳቁ በኋላ፣ በረዶውን ምን አደረግሽው ብለው ጠየቁኝ። እኔም በረዶማ አሠራሩ ላይ አልተጻፈም ብዬ መለስኩላቸው።

ጋሽ ወርቁ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሳቅሁት በአንቺ አይደለም፤ በሆቴል ባር ሥራ የጀመርኩ ሰሞን እኔም የወደቅሁበትን ጉድጓድ ስላስታወሰኝ ነው። የኮክቴል አሠራር ሲጻፍ አንድ ነገር ሳይጻፍ ይቀራል፤ እርሱም ውሃ ነው። ማርጋሪታ ሼከር በሚባለው ክዳን ያለው መናጫ ውስጥ ሲናጥ በረዶው መጠጡን የሚያቀዘቅዘው እየቀለጠ ነው፤ የቀለጠውም ውሃ የትም አይሄድም፣ ከመጠጡ ጋር ወደ ብርጭቆው ይገባል። ስለዚህ እንግዳው የሚጠጣው በወረቀቱ ላይ የተዘረዘሩትን ሦስት ነገሮች ሳይሆን አራት ነገሮችን ነው። አንቺ ሦስቱን በአርባ አባዝተሽ አራተኛውን በዜሮ አባዛሽው።

ሕይወት፦ የሚያናድደው ደግሞ እናቴ ለዚያው ድግስ የጠመቀችው ጠላ አንዳች እንከን ያልነበረበት መሆኑ ነው።

ጋሽ ወርቁ፦ አይኖርበትም። ጠላና ጠጅ ከመነሻው ለጋን የተሰሉ መጠጦች ናቸው። የአንድ ብርሌ ጠጅ አሠራር ሲነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ? የሚነገረው አንድ እጅ ማር ለሦስት ወይም ለአራት እጅ ውሃ ተብሎ ነው፤ ጋኑ ቢተልቅም ቢያንስም ውሃው ከልኩ ውስጥ አለ። በፈረንጆቹም ዘንድ ከኮክቴል በፊት የነበረው ፓንች በትልቅ ሳሕን ተበጥብጦ በጭልፋ የሚቀዳ የማኅበር መጠጥ ነበር። ስሙ በእንግሊዝኛ ተጽፎ የሚታወቀው ከ1632 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በሕንድ ይነግዱ ከነበሩ እንግሊዛውያን ደብዳቤ ላይ ሲሆን፣ አልኮሉን የሚያለዝበው ውሃ ወይም ሻይ ራሱን ችሎ ይለካ ነበር። ለአንድ ሰው በአንድ ብርጭቆ ተወስኖ የመጣው ኮክቴል ነው፤ ስለዚህ ወደ ድግስ ስንመልሰው ውሃውንም አብረን መመለስ አለብን።

ሕይወት፦ ውሃው ምን ያህል እንደሆነ በምን እናውቃለን?

ጋሽ ወርቁ፦ በመለካት እንጂ በሌላ አይታወቅም። እስቲ ሼከሩንና ያን መስመር ያለውን ብርጭቆ አቅርቢልኝ። ዓለም አቀፉ የባርማኖች ማኅበር ለማርጋሪታ ያስቀመጠው ልክ 50 ሚሊ ሊትር ተኪላ፣ 20 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ሊከርና 15 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ ነው። መስመሩን አንብቢልኝ።

ሕይወት፦ ልክ 85 ላይ ቆሟል።

ጋሽ ወርቁ፦ አሁን ሼከሩን በረዶ ሞልቼ አሥራ ሁለት ሰከንድ ያህል እንጠዋለሁ።

ሕይወት፦ አድማጮቻችን የሚሰሙት ይህ ኳኳታ የበረዶው ነው። የሼከሩ ውጭ ጤዛ ለብሶ ነጭ ሆኗል፤ ጣትዎ እዚያው ተጣብቆ የሚቀር ይመስላል። አሁን በወንፊቱ አጥልለው ወደ ብርጭቆው እየመለሱት ነው። መስመሩ 110 ደርሷል።

ጋሽ ወርቁ፦ እንግዲህ 25 ሚሊ ሊትር ውሃ ገብቷል ማለት ነው፤ ከመነሻው ሩብ በላይ። ይህን አንድ ሙከራ በራስሽ በረዶ ቤትሽ ማድረግ አለብሽ፤ ምክንያቱም ከፍሪዘር በቀጥታ የወጣ ደረቅ በረዶና ከረጢት ውስጥ ቆይቶ ያላበ በረዶ እኩል ውሃ አይሰጡም፤ ያላበው ይበልጣል። እንደ ኔግሮኒ በማንኪያ ብቻ የሚማሰለው መጠጥ ደግሞ ከሚናጠው ያነሰ ውሃ ይወስዳል፣ ከ20 እስከ 25 በመቶ አካባቢ።

ሕይወት፦ አጎቶቼ የጠጡት እንግዲህ ያለዚያ 25 ሚሊ ሊትር ነበር። ግን እኮ አልኮሉ በአንድ ብርጭቆ ያው ነው፤ ውሃ ቢገባም ባይገባም 50 ሚሊ ሊትር ተኪላ ነው።

ጋሽ ወርቁ፦ ለካሽው? በባልዲ የተቀላቀለ መጠጥ በብርጭቆ ሲቀዳ ማንም 85 ላይ አያቆምም፤ ብርጭቆው እስኪሞላ ይቀዳል። ውሃው በሌለበት ብርጭቆውን የሚሞላው አልኮል ነው። ደግሞም በትክክል ተለክቶ የተቀዳው ማርጋሪታ እንኳን ቀላል መጠጥ አይደለም፤ ተኪላውም ሊከሩም 40 በመቶ ከሆኑ በውስጡ 28 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። ባለ 330 ሚሊ ሊትር፣ ባለ 5 በመቶ አንድ ጠርሙስ ቢራ የሚይዘው 16 ሚሊ ሊትር ተኩል ብቻ ነው። እንግዳው ግን በትንሽ ብርጭቆ ስለሚመጣለትና ሎሚ ሎሚ ስለሚለው እንደ ጭማቂ ይቆጥረዋል። ስለዚህ አሳላፊው መቅጃ ልክ ሊኖረው ይገባል፤ 110 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንዲት ጭልፋ ወይም ኩባያ አስቀድመሽ በውሃ ለክተሽ ለእርሱ ትሰጪዋለሽ፣ በእርሷ ብቻ ይቀዳል።

ሕይወት፦ ወደ ብዛቱ እንምጣ። በአርባ ማባዛቴ ራሱ አስቸግሮኝ ነበር፤ የሦስተኛው የተኪላ ጠርሙስ ሩብ ሊትር ተረፈ፣ ሊከሩ ግን አልበቃ ብሎኝ ሌላ ጠርሙስ አስከፈትኩ።

ጋሽ ወርቁ፦ ከእንግዳው ቁጥር ሳይሆን ከጠርሙሱ ተነሺ። አንድ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ተኪላ በ50 ሲካፈል አሥራ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ስለዚህ ሦስት ጠርሙስ አርባ አምስት ብርጭቆ ነው፤ ተኪላውን መለካትም አያስፈልግሽም፣ ጠርሙሶቹን መገልበጥ ብቻ ነው። የቀረውን ለአርባ አምስት ታሰያለሽ፦ ሊከር 900 ሚሊ ሊትር፣ የሎሚ ጭማቂ 675፣ ውሃ 1,125። ድምሩ 4,950 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ይይዘዋል፤ ግን ጢም ብሎ ስለሚሞላ መወዝወዝ አይቻልም፣ የሎሚው ጭማቂ ደግሞ ቆሞ ሲቆይ ስለሚዘቅጥ ከመቀዳቱ በፊት ሁልጊዜ መወዝወዝ አለበት። ባለ 10 ሊትሩን ያዢ። ሎሚንም በፍሬ እንዳትቆጥሪ፤ የእኛ ሎሚ አንዱ ጭማቂው ይንዠቀዠቃል፣ ሌላው ቢጨመቅ ጠብ አይለውም። ጨምቀሽ፣ አጥልለሽ፣ ከዚያ ለኪ።

ሕይወት፦ ኔግሮኒስ? ሎሚ ስለሌለው የሚቀል ይመስለኛል።

ጋሽ ወርቁ፦ እርሱማ ለድግስ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ጂን፣ መራራው ካምፓሪና ቀይ ቨርሙት የሚባለው ቅመም የገባበት ወይን እያንዳንዳቸው 30 ሚሊ ሊትር ስለሆኑ ከሦስቱም አንዳንድ ባለ 750 ጠርሙስ ብትገለብጪ ልክ ሃያ አምስት ብርጭቆ ይሆናል፤ ግማሽ ሊትር ውሃ ጨምረሽ ጠርሙስ ውስጥ መልሰሽ ፍሪጅ ታስገቢዋለሽ። የሚበላሽ ጭማቂ ስለሌለው ከቀናት በፊት ብታዘጋጂውም አይከፋም።

ሕይወት፦ እናቴ ካምፓሪ ቀምሳ ከኮሶ በምን ይሻላል ብላለች።

ጋሽ ወርቁ፦ እንግዲያው በማርጋሪታው እንቀጥል። የሎሚ ጭማቂ በተጨመቀ በሰዓታት ውስጥ ጣዕሙ መለወጥ ይጀምራል፤ በማግስቱ መዓዛው ጠፍቶ መምረር ይመጣል። ስለዚህ አልኮሉንና ሊከሩን ቀደም ብለሽ፣ ከፈለግሽ በሳምንቱ መጀመሪያ ቀላቅይ፤ ሎሚውንና ውሃውን በዕለቱ ጠዋት ጨምሪ። ሁለት ዙር የምታቀርቢ ከሆነ የሁለተኛውን ዙር አልኮል ሎሚ ሳታስነኪው ለብቻው አቆዪው፤ ካልተፈለገ ለሌላ ጊዜ ይቀመጣል።

ሕይወት፦ ቅድም ያልተናገርኩት ሁለተኛ ጥፋት አለኝ። መጠጡ መክረሩ ሲነገረኝ ደንግጬ አንድ ከረጢት በረዶ ባልዲው ውስጥ ገለበጥኩበት። ወዲያው የተቀዳላቸው ሰዎች እንዳማረሩ ቀሩ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የመጡት ደግሞ የሎሚ እጣቢ ነው የጠጡት።

ጋሽ ወርቁ፦ የተሰባበረ በረዶ ብዙ ገጽ ስላለው ቶሎ ይቀልጣል፤ ባልዲው ውስጥ ያለው መጠጥም በየደቂቃው ሌላ መጠጥ ይሆናል። ውሃውን ለክተሽ ከጨመርሽ በኋላ በረዶ ወደ ጀሪካኑ መግባት የለበትም፤ ጀሪካኑን በረዶ በተሞላ ገንዳ ውስጥ አስቀምጪው፣ ቅዝቃዜው ከውጭ ይምጣ። የግድ በሳሕን አቅርቤ ይታይልኝ ካልሽ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ ውሃ ሞልተሽ ከሁለት ቀን በፊት ፍሪዘር አስገቢና አንዱን ግንድ በረዶ ሳሕኑ ላይ አንሳፊው። የበረዶው ጎን በእጥፍ ሲያድግ ክብደቱ ስምንት እጥፍ፣ ገጹ ግን አራት እጥፍ ብቻ ስለሚሆን ቀስ እያለ ነው የሚቀልጠው።

ሕይወት፦ ብርጭቆው ውስጥ በረዶ አድርጎ መቅዳትስ?

ጋሽ ወርቁ፦ ይቻላል፤ እንዲያውም ለግቢ ድግስ እርሱን እመርጣለሁ፤ ፍሪጅ የሼከርን ያህል አያቀዘቅዝም። ነገር ግን ብርጭቆው ውስጥ ያለው በረዶም ይቀልጣልና ያን ጊዜ 1,125 የነበረውን ውሃ በግማሽ ቀንሺው፣ መቅጃውንም ወደ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ አሳንሺው። ለዚህ በአንድ እንግዳ ግማሽ ኪሎ ያህል በረዶ አስቢ፤ ጠርሙስ ማቀዝቀዣው ሳይቆጠር ነው። በነገራችን ላይ ስትቀምሺም ቀዝቅዞ ቅመሺ። ብርድ ጣፋጭነትን ይሸፍናል፤ ለብ ብሎ ስኳሩ የበዛ የመሰለሽ መጠጥ ሲቀዘቅዝ ልኩ ሊሆን ይችላል።

ሕይወት፦ እህቴ ጤና አዳም ያለበት ኮክቴል የሆነ ቦታ ጠጥታ ወዳዋለች። እርሱንስ በአርባ አምስት ማባዛት ይቻላል?

ጋሽ ወርቁ፦ ጤና አዳምን፣ የሥጋ መጥበሻን፣ ቃሪያንና ዝንጅብልን የመሳሰሉትን በፍጹም በቁጥር አታባዢ። ሼከር ውስጥ የሚቆዩት አሥራ ሁለት ሰከንድ ነው፤ ጀሪካን ውስጥ ግን ሌሊቱን ሲዘፈዘፉ ያድራሉ፣ አልኮል ደግሞ ጠረን አውጥቶ አይጠግብም። ከሚገባው ሲሶውን ጨምረሽ በየሩብ ሰዓቱ ቅመሺ፤ ሲበቃሽ ቅጠሉን አውጪው። ጋዝ ያለውን ነገር፣ አምቦ ውሃም ይሁን ሶዳ፣ ወደ ጀሪካኑ አታስጠጊው፤ ብርጭቆው ላይ በመጨረሻ ነው የሚጨመረው። የእንቁላል ነጭ ያለባቸውን ደግሞ ለድግስ እርሻቸው፤ አረፋቸው እዚያው ተንጦ እዚያው ካልተጠጣ ይጠፋል፣ ዕለቱ ጾም ከሆነም ለእንግዳ መንገር ያለብሽ ነገር ይጨምራል።

ሕይወት፦ ከስልሳው እንግዳ ሃያው አልኮል አይቀምስም። ባለፈው ለእነርሱ ኮካ ብቻ ነበር ያቀረብነው።

ጋሽ ወርቁ፦ እንግዲያው በሌላ ዕቃ የሎሚ ጭማቂ፣ የዝንጅብል ሽሮፕና ውሃ በጥብጪላቸው፤ ሲቀዳ አምቦ ውሃ ይጨመርበት። ሁለቱ ዕቃዎች ግን በመልክ ጭራሽ መምሰል የለባቸውም፤ አንዱ ጆግ ሌላው ጀሪካን ይሁን፣ የሚቀዱበትም ጠረጴዛ ይለያይ። ሁለቱም ነጣ ያሉ፣ ሁለቱም ሎሚ ሎሚ የሚሉ ናቸው፤ ሕፃናትም ይኖራሉ።

ሕይወት፦ ጨው እንዴት ይሁን? ባለፈው የአርባ ብርጭቆ አፍ በጨው ስቀባ ሰዓት ተኩል ፈጅቶብኛል።

ጋሽ ወርቁ፦ ተዪው። ጀሪካኑ ውስጥ ሁለት ቁንጥር ጨው በቂ ነው፤ የወደደ ሰው ጠረጴዛው ላይ በሳሕን ያስቀመጥሽለትን ጨው ራሱ ይንካው።

ሕይወት፦ መልካም። በመጪው ወር የወንድሜ ልጅ ምርቃት አለ፤ እንደ ነገሩኝ ሦስት ጠርሙስ፣ 675 ሎሚ፣ 1,125 ውሃ፣ በረዶው ከውጭ። ባለ 10 ሊትር ጀሪካንም እናቴ ቤት አለ።

ጋሽ ወርቁ፦ ምን ነበረበት?

ሕይወት፦ ዘይት። ግን በሙቅ ውሃና በኦሞ ታጥቧል።

ጋሽ ወርቁ፦ ሕይወት፣ አዲስ ጀሪካን ግዢ።