አፍዎ ይደርቃል ወይ?

የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ዘንድሮ የምትመረቁ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች፤

እንድናገር የተጋበዝኩት ስለ ሙያችን በጠቅላላው ቢሆንም፣ እኔን ለዓመታት ሲያንገበግበኝ የኖረው ግን የምራቅ ነገር ነው።

ጤናማ ሰው በቀን ከ0.5 እስከ 1.5 ሊትር ምራቅ እንደሚያመነጭ ሁላችንም ተምረናል። ጣፋጭ በበላን በደቂቃዎች ውስጥ ባክቴሪያዎች የሚያወጡት አሲድ የአፋችንን ፒኤች (ሲቀንስ አሲድነት መጨመሩን የሚያሳየውን መለኪያ) ከ5.5 በታች ሲያወርደው ኢናሜል፣ ማለትም ጠንካራው የጥርሳችን ሽፋን፣ መሟሟት ይጀምራል፤ ያን አሲድ በባይካርቦኔቱ የሚያከሽፈው፣ የሳሳውን ኢናሜል በካልሲየሙና በፎስፌቱ መልሶ የሚጠግነው ምራቅ ነው። ይህን ለፈተና አጠናነው፤ ከፈተናው በኋላ ግን ረሳነው።

አንዲት እናት በሁለት ዓመት ውስጥ ሰባት ጥርስ ተነቅሎባቸው ወደ እኔ መጡ። በየሄዱበት «ጥርስዎን በደንብ ያጽዱ» ተብለዋል፤ እሳቸው ግን ጠዋት ማታ ያጸዳሉ። እኔም ስምንተኛውን ልነቅል ተዘጋጅቼ ሳለ፣ የያዝኩት መስተዋት ከጉንጫቸው ውስጥ ተጣብቆ አልላቀቅ አለኝ።

«እማማ፣ አፍዎ ይደርቃል ወይ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሌሊት ምላሴ ከላንቃዬ ይጣበቃል። ዳቦ ያለ ውሃ አይወርድልኝም፤ ከረሜላ ከአፌ የማልለየውም ለዚሁ ነው» አሉኝ።

ለደም ግፊትና ለአለርጂ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ምራቃቸውን ቀንሰውታል፤ ድርቀቱን ለማስታገስ ከአፋቸው የማይለዩት ከረሜላ ደግሞ ባክቴሪያዎቹን ቀን ከሌሊት ይቀልባል። ሰባት ጥርስ እስኪነቀል ድረስ ማንም አልጠየቃቸውም! አበው የበሰለን ሰው «ምራቁን የዋጠ» ይሉታል፤ እኛ ባለሙያዎቹ ግን ታካሚያችን የሚዋጥ ምራቅ እንዳለው እንኳ አንጠይቅም። ይህ የበጀት እጥረት አይደለም፤ የመሣሪያ እጥረትም አይደለም፤ ቸልተኝነት ነው።

መፍትሔው ረቂቅ አይደለም፤ ውሃ ቶሎ ቶሎ መጎንጨት፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ፣ ፍሎራይድ፣ መድኃኒቱን ካዘዘው ሐኪም ጋር መመካከር። ለካንሰር አንገታቸውና ፊታቸው አካባቢ የጨረር ሕክምና የሚወስዱትንም፣ ጨረሩ ምራቃቸውን ሊቀንስ ስለሚችል፣ ከመጀመሪያው አንስቶ እንከታተላቸው።

በምሠራበት ክሊኒክ የታካሚ ካርድ ላይ ስለ ሕመምና ስለ ድድ መድማት የሚጠይቅ መስመር አለ፤ ስለ አፍ መድረቅ የሚጠይቅ ግን የለም። በየክፍላችሁ ከሰኞ ጀምሮ በእጃችሁ ጽፋችሁ እንድትጨምሩት እለምናችኋለሁ።