ሕልም ነበር አትበሏቸው

እንደምን አመሻችሁ። አዘጋጆቹ በልጆች መጻሕፍት ውስጥ ስላሉ አስማታዊ መጓጓዣዎች ተምሳሌትነት ተናገር አሉኝ። እሺ ብዬ ተዘጋጅቻለሁ፣ ወረቀቱም ይኸው። ግን የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፤ አንድ ነገር አንገብግቦኝ ነው የመጣሁት። ያ "ከእንቅልፏ ነቃች፤ ለካስ ሕልም ነበር" የሚባል መጨረሻ!

በኦዝ ልጀምር፣ “የኦዝ ጠንቋይ” በሚባለው የልጆች መጽሐፍ። አውሎ ነፋስ ዶሮቲን ከነቤቷ ነቅሎ ይዟት ይሄዳል። እስቲ አስቡት፣ የምትጓዘው በገዛ ቤቷ ነው። ልጅ ከሁሉ በላይ የሚተማመንበት ነገር ከመሬት ተነቅሎ ይበራል። ወላጆቹ የተለያዩበት ወይም ሰው የሞተበት ልጅ ያንን ገጽ ሲያነብ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ፍራንክ ባውም እ.ኤ.አ. በ1900 ባሳተመው መጽሐፍ ጉዞው የምር ነው። ዶሮቲ ስትመለስ የምታገኘው አጎቷ የሠሩትን አዲስ ቤት ነው፤ አሮጌውን ነፋሱ ወስዶታላ! ያመጧት የብር ጫማዎችም በረሃውን በአየር ስታቋርጥ ከእግሯ ወልቀው ቀርተዋል። ቤት ጠፋ፣ ጫማ ጠፋ። መሄድ ያስከፍላል።

ከዚያ የ1939ኙ ፊልም መጣና ልጅቷን አልጋ ላይ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቷን ተመትታ ስትቃዥ ነው አለን። ፊልሙን እወደዋለሁ፣ ዘፈኑንም ጭምር። ያንን መጨረሻ ግን አልምረውም። እሷ የምር ቦታ ነበር እያለች ስትምል፣ ትልልቆቹ ከበዋት ፈገግ ይላሉ። ያ ፈገግታ ነው የሚያበግነኝ! እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያን ፈገግታ ለልጅ ያላሳየ ካለ እጁን ያውጣ።

ልጅ በኑሮው ሁሌም ተሳፋሪ ነው። መቼ እንደሚነሳ፣ የት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚመለስ ሌላ ሰው ይወስንለታል። ተረቱ ውስጥ ብቻ መሪውን ራሱ ይይዛል። እኛ ደግሞ መጨረሻው ገጽ ላይ ሄደን እንቀማዋለን። ለምን? ምን አስፈራን?

አደጋ አለው፣ ልጆች እውነት ይመስላቸዋል ትሉኛላችሁ። ጄምስ ባሪንም ገጥሞታል። ስለሚበር ልጅ የጻፈው ቴአትር፣ ፒተር ፓን፣ በ1904 መድረክ ላይ ከታየ በኋላ፣ እሱ ራሱ እንደጻፈው፣ ልጆች ቤታቸው ገብተው ከአልጋ ላይ ለመብረር ሞክረው ሐኪም እስከማስፈለግ ደርሰዋል። ወላጆች አቤት አሉ። እሱ ታዲያ ምን አደረገ? አስማታዊ ብናኝ ያልተነሰነሰበት ሰው መብረር አይችልም የሚል ሕግ ታሪኩ ውስጥ ጨመረ። በቃ! ወላጆቹም ዐረፉ፣ ፒተርም መብረሩን ቀጠለ።

ሞሪስ ሴንዳክ በ1963 ባሳተመው የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ከዚህም የባሰ ደፋር ነበር። ማክስ የሚባል ልጅ አጥፍቶ ያለ እራት ወደ ክፍሉ ይላካል፤ ባሕር መጥቶ የግሉን ጀልባ ያቀርብለታል። ጀልባው ንዴቱ ነው የሚሉ አሉ፣ እኔም ይመስለኛል። በንዴቱ ተሳፍሮ ሄደ፣ ናፍቆት ሲይዘው በራሱ ጊዜ ተመለሰ። ከዓመት በላይ በባሕር ቆይቶ ሲገባ እራቱ ክፍሉ ውስጥ ይጠብቀዋል፣ ገና ትኩስ ነው። ሕልም ይሁን እውነት ደራሲው ትንፍሽ አላለም። ልጅም ጠይቆ አያውቅም፤ የምንጠይቀው እኛ ነን።

በዝይ ጀርባ ስለሚጓዘው ልጅ ስለ ኒልስም ብዙ ጽፌ ነበር፣ ሰዓት የለኝም። ብቻ ስዊድናዊቷን ደራሲ ሴልማ ላገርሎፍን መጽሐፉን ያስጻፏት መምህራን መሆናቸውን አስታውሱ፤ የፈለጉት የስዊድንን ጂኦግራፊ ማስተማሪያ ነበር። እሷ ልጁን አሳንሳ ዝይ ጀርባ ላይ አስቀመጠችው፣ አገሩንም ከላይ አየው። ወደ ቁመቱ ሲመለስ የዝዮቹ ንግግር አይገባውም። ይኼ ለመማሪያነት የተጻፈ መጽሐፍ ነው እንግዲህ!

የሚበረው ምንጣፍ ለሌላ ቀን ይቆየን። በሚቀጥለው ውድድር ዳኛ ካደረጋችሁኝ ግን፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ እናት ልጇን ከእንቅልፍ የምትቀሰቅስበት ረቂቅ ሁሉ ነጥብ ይቀነስበታል። ከአሁኑ ተነግሯችኋል። ጥያቄ ያለው?