መብራት በጠፋ ቁጥር ለየብቻ አንሩጥ፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ወፍጮ ቤታችሁን፣ ዳቦ ቤታችሁን፣ ብየዳ ቤታችሁን፣ ጸጉር ቤታችሁን፣ ካፌና ፋርማሲያችሁን ለሰው አደራ ሰጥታችሁ የመጣችሁ፣ ከጣና ሐይቅ ዳር መረባችሁን ሰብስባችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሽምብጥም፣ ከዓባይ ማዶም፣ ከዘጌም ድረስ የመጣችሁ አላችሁ። ማይኩ ለጊዜው እየሠራ ነው። እስከ መጨረሻው እንደሚሠራ ግን ማንም ዋስትና አልሰጠኝም። ስለዚህ ዋናውን ነገር ቀደም አድርጌ ልናገር።

የሥራና የሒሳብ ሪፖርቱ በእጃችሁ ነው። ተራው ሲደርስ ይቀርባል። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። መብራት ለሰዓታት፣ ሲብስም ለቀናት ሲጠፋ እንዴት ሠርተን እንደምናድር። ሐሳቤን በአጭሩ ልንገራችሁ፦ እስካሁን እያንዳንዳችን ለየብቻ ስንሮጥ ነበር። በየበራችን ጀነሬተር፣ በየቤታችን የተበላሸ ዕቃ፣ በየስልካችን ያልተረጋገጠ ወሬ። ይህ አላዋጣንም።

መጀመሪያ ግን ሻይ ላይ ሁላችሁም የምትጠይቁትን ጥያቄ ላንሳ። «ሕዳሴው ተመርቆ የለ እንዴ? ታዲያ መብራቱ የታለ?» ትላላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። እኛ ደግሞ ከዚያም በፊት ከመብራት ምንጭ ሩቅ አልነበርንም። የጢስ ዓባይ ማመንጫ ከባሕር ዳራችን 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የበለስ ማመንጫም አቅሙ 460 ሜጋ ዋት ነው። የሚዘውረውም ከዚሁ ከጣናችን በዋሻ በሚወስደው ውኃ ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት እንግዲህ እኛን ነው።

ነገር ግን ማመንጨት ሌላ፣ ማድረስ ሌላ ነው። በበለስ የሚመነጨው በቀጥታ ወደ እኔ ሱቅ አይመጣም። በከፍተኛ መስመር ወደ አገሪቱ ቋት ይገባል። ከዚያ ማከፋፈያ ጣቢያ ይደርስና ቮልቴጁ ዝቅ ይላል። በ15 ወይም በ33 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ከተማው ይሠራጫል። በየሰፈሩ ያለው ትራንስፎርመር ደግሞ ወደ 380 እና 220 ቮልት አውርዶ ይሰጠናል። ሰፈራችን ጨልሞ ማዶ ያለው ሰፈር እያበራ ካያችሁ፣ ችግሩ ግድቡ ጋ እንዳልሆነ እወቁ። እዚሁ አቅራቢያ ነው። የበሰበሰ የእንጨት ምሰሶ ነው። በክረምት ነፋስ ሽቦ ላይ የወደቀ ቅርንጫፍ ነው። ወይም ለጥቂት ቤቶች ተተክሎ ዛሬ ሰፈር ሙሉ የሚሸከም ትራንስፎርመር ነው። የበዓል ዋዜማ ማታ ምጣዱ ሁሉ አንድ ላይ ሲሰካ ትራንስፎርመሩ ቢቃጠል ምን ይገርማል? አንዱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል።

ይህን የማስረዳው ለማንም ጥብቅና ለመቆም አይደለም። «አገሪቱ መብራት የላትም» ብለን ብናማርር ማንም መልስ አይሰጠንም። «የእኛ ሰፈር ትራንስፎርመር በዚህ ወር ይህን ያህል ጊዜ፣ በእነዚህ ቀናት፣ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ጠፍቷል» ብለን በጽሑፍ ብንሄድ ግን ነገሩ ይለያል። ስለዚህ በየሰፈሩ አንድ ሰው ደብተር ይያዝ። የጠፋበትን ሰዓት፣ የመጣበትን ሰዓት፣ የጠፋው አንድ ፌዝ፣ ማለትም ከሦስቱ የኃይል መስመሮች አንዱ ብቻ ከሆነ ያንኑ ይጻፍ። ሠራተኞቹ መጥተው ምን እንደቀየሩም ይመዝገብ። በቁጣ ቢሮ ከመግባት ደብተር ይዞ መግባት ይሻላል። ቅርንጫፍ ሽቦ ነክቶ ካያችሁ ደግሞ ደውሉ። እባካችሁ ራሳችሁ ገጀራ ይዛችሁ እንዳትወጡ።

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የነበረውን ፈረቃ ታስታውሳላችሁ። የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ቀንሶ በመላ አገሪቱ መብራት በየተራ ነበር። ከባድ ጊዜ ነበር፤ ማንም አይናፍቀውም። ግን ሰሌዳ ነበረው። ዳቦ ቤቱ ሊጡን የሚያቦካበትን ሰዓት ለወጠ። ብየዳ ቤቱ ሌሊት ሠርቶ ቀን ተኛ። ሰው ሰዓቱን ካወቀ ይላመዳል። አሁን የሚጎዳን ድንገቴው ነው። ሊጡ ተቦክቶ፣ ምድጃው ግማሽ ግሎ፣ የደንበኛ ጸጉር ግማሹ ተቆርጦ ድርግም! አገልግሎት ሰጪው መሥሪያ ቤት ተአምር እንዲሠራልን አንጠይቅም። ለጥገና ሆን ብሎ የሚያጠፋበትን ሰዓት ከአንድ ቀን በፊት ይንገረን። ድንገተኛ ብልሽት ከሆነም «ዛሬ አይመጣም» ይበለን። «አሁን ይመጣል» የሚለው ተስፋ ከመጥፋቱ በላይ ስንቱን ዕቃ እንዳበላሸብን እኛ እናውቃለን።

አሁን ወደ ዓሣ። ዓሣ ነጋዴ ስለሆንኩ ትንሽ ባበዛ ታገሡኝ።

ቆሮሶውም፣ ነጭ ዓሣውም፣ አምባዛውም ከውኃ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ መበላሸት ይጀምራል። በባሕር ዳር ሙቀት በረዶ ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ያልቅለታል። በተለይ በጾም ወራት፣ ገበያው በሚደራበት ጊዜ፣ ማታ የገባ ዓሣ በነጋታው ሊጣል ይችላል። አስጋሪው ሌሊቱን ሙሉ ሐይቅ ላይ ያደረበት ነው። ይህን ስል ሁላችሁም የየራሳችሁን ኪሳራ እንደምታስቡ አውቃለሁ። ወተት ያላችሁ ወተቱን፣ ሥጋ ያላችሁ ሥጋውን።

ማድረግ የምንችለው አለ። ፍሪዘር ጢም ብሎ ከሞላና ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን እስከ ሁለት ቀን ይይዛል። ግማሽ ከሆነ አንድ ቀን ብቻ ነው። ተራው ፍሪጅ ደግሞ ሳይከፈት አራት ሰዓት ያህል ነው የሚያቆየው። ስለዚህ ባዶ ቦታውን ውኃ በሞላ ሃይላንድ ሙሉት። ሲሞላ አናቱ ጋ ትንሽ ይጉደል፣ ውኃ ሲረጋ ስለሚሰፋ ይፈነዳል። መብራት ሲጠፋ እነዚያ ሃይላንዶች በረዶ ናቸው፤ አውጥታችሁ ለዓሣ ሳጥን ትጠቀሙባቸዋላችሁ። የፍሪዘሩን በር ደግሞ «እስኪ ልየው» እያላችሁ አትክፈቱ። ልጆቹንም፣ ሠራተኛውንም፣ ራሳችሁንም ከልክሉ።

ዓሣው ሆድ ዕቃውና ከጉንጩ ሥር ያለው መተንፈሻው ቶሎ ይውጣለት። በደንብ ይታጠብ። በሙቀት አገር ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ነው ልኩ። በረዶው ተፈጭቶ በዓሣው መሐል ይነስነስ፤ ትልቅ ጥርብ በረዶ ከላይ ማስቀመጥ ብዙም አይረዳም። የቀለጠው ውኃ ይፍሰስ እንጂ ዓሣው እንዳይዋኝበት። መብራቱ እንደማይመጣ ከተረጋገጠ ደግሞ ሳይዘገይ ዘልዝሎ ጨው ነስንሶ ቋንጣ ማድረግ ነው። እናቶቻችን የሚያውቁት ሥራ ነው። የቋንጣ ዋጋ ከትኩስ ዓሣ ቢያንስም ከዜሮ ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን ፊት ለፊት ልናገር። ቀልጦ እንደገና የረጋ ዓሣ እንደ ትኩስ የሚሸጥ አለ። ስም አልጠራም። ቤቱ ራሱን ያውቃል። አንድ ደንበኛ ታመመ ማለት ዳርቻው ሁሉ ያለ ገበያ ዋለ ማለት ነው። ይህ ልማድ በዚህ ዓመት ይቁም።

ስለ ጀነሬተር ደግሞ የብዙዎቻችሁን ፊት ሳላስቀይም ላወራ አልችልም። ብዙ ገዝተናል። የማይሆነውንም ገዝተናል። ሞተር ሲነሳ ከተለመደው ፍጆታው አምስት ስድስት እጥፍ ስለሚስብ፣ ለፍሪዘሩ ይበቃል የተባለው ትንሹ ጀነሬተር ሁለት ፍሪዘር አንድ ላይ ሲነሳ ያቃስታል። ትልቁን የገዛው ደግሞ ለሦስት አምፖልና ለአንድ ጸጉር ማድረቂያ ሲያስነሳው ይውላል። ነዳጁም ያው ይነዳል። ቤንዚኑ በሰልፍ ነው። ሰልፉ ካልተሳካ የት እንደምንገዛና በስንት እንደምንገዛ እዚህ መናገር አያስፈልገኝም። ከሰል የሚሸጡ ጎረቤቶቻችን እንኳ ይህን ያህል አያተርፉም።

እኔ የምለው፣ አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሱቆች አንድ በልክ የተመረጠ ጀነሬተር በጋራ ይግዙ። ጸጉር ቤቱ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱና ፋርማሲው ጭነታቸው ተደምሮም ብዙ አይደለም። ነዳጁን በየፍጆታቸው ይካፈሉ፤ ለዚህ አንድ ትንሽ ቆጣሪ በየበሩ ይበቃል። ብየዳ ቤት ግን ለብቻው ነው፤ ከእሱ ጋር መስመር የተጋራ ሰው ቴሌቪዥኑን ሊያጣ ይችላል።

ከዚህ ጋር የማልደራደርበት ነገር አለ። ጀነሬተር በቤት ውስጥ፣ በበረንዳ ሥር፣ በተዘጋ ጓዳ አይነሳም። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው እንደተኛ ይቀራል። የከሰል ማንደጃም እንዲሁ ነው፤ በር ዘግቶ አጠገቡ መተኛት ሞት ነው። ሁለተኛ፣ ጀነሬተሩን በቀጥታ ከቤቱ መስመር ጋር የሚያገናኝ ካለ ይቁም። ኃይሉ ወደ ውጭ መስመር ይመለስና ጥገና ላይ ያለውን የመብራት ሠራተኛ ምሰሶ ላይ ይገድለዋል። ቼንጅ ኦቨር፣ ማለትም ቤቱን ወይ ከመብራቱ ወይ ከጀነሬተሩ ጋር ብቻ የሚያገናኘውን መቀየሪያ፣ ማስገባት ግዴታ ነው። ባለሙያ ከሌላችሁ ማኅበሩ ከአባላት መካከል ያገኝላችኋል።

ሶላር ይጠይቀኛል ሰው። ለአምፖል፣ ለስልክ፣ ለጸጉር መቁረጫ ማሽን፣ ለገንዘብ መቀበያው ማሽን፣ አዎ ያዋጣል። ለምጣድና ለብየዳ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ። ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረውን ዕቃ፣ ስትገዙ የመኪና ባትሪ አትደርድሩበት። የመኪና ባትሪ መኪና ለማስነሳት ነው የተሠራው፤ ደጋግሞ ሙልጭ ሲል ቶሎ ይሞታል። መብራት ሲመጣም ቶሎ አትሰኩ። የሚመለሰው ኃይል ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። ጥቂት ደቂቃ ታገሡ፤ መጀመሪያ አምፖል፣ ከዚያ ፍሪጅ።

ቤት ውስጥ ያለውን ደግሞ እናቶችና እህቶች ከእኔ በላይ ያውቁታል። ምጣዱ ሲቆም ወደ ማገዶ መመለስ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ኩበት፣ የተገኘው ሁሉ። ፓምፑ ስለሚቆም ውኃውም ይሄዳል፤ ሮቶ የሌለው ቤት ጀሪካን ይዞ ይዞራል። የናፍጣ ወፍጮ ያላችሁ አባላት፣ ወረፋው ወደ እናንተ ሲዞር ዋጋ ትንሽ ብትጨምሩ ይገባናል፤ ናፍጣ በነፃ አይቀዳም። ዋጋውን ግን በር ላይ ለጥፉት። ለአንዷ አንድ፣ ለሌላዋ ሌላ ሲሆን ነው ሰው የሚያማን። ኔትወርክ ሲሄድ ቴሌብርም አብሮ ይሄዳልና ትንሽ ዝርዝር ብር በእጃችሁ ይኑር። የምታውቁትን ደንበኛ በዱቤ ስጡ፤ ጻፉት።

ፋርማሲዎቻችንን ለብቻ ላንሳ። ኢንሱሊን ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው መቆየት ያለበት። ብዙዎቹ ከተከፈቱ በኋላ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያሉ። ስለዚህ መብራት ጠፋ ብሎ የተከፈተውን መጣል አያስፈልግም። በረዶ ላይ ማስቀመጥም አይገባም፤ ከረጋ ይበላሻል። እቤት ፍሪጅ የሌለው ሰው በውኃ በራሰ የሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ቢያኖረው ሙቀቱ ይቀንስለታል። ይህን ለታካሚው ስትሸጡለት ንገሩት። የጋራ ጀነሬተር የሚተክል መንደር ሁሉ የመጀመሪያውን መስመር ለፋርማሲው ፍሪጅ ይስጥ። ካፌው ሁለተኛ ነው። የካፌ ባለቤቶች ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ማኪያቶ ይቆያል።

ዛሬ ድምፅ የምትሰጡበት ሐሳብ እንግዲህ ከዚህ የመጣ ነው። አንደኛው በዳርቻው አካባቢ የጋራ በረዶ ቤት ነው፤ አንድ ደህና ጀነሬተር፣ ጥሩ ሽፋን ያለው ክፍል፣ በኪሎ የሚከፈል። ዓሣ ነጋዴው ብቻ አይደለም የሚጠቀመው፤ ወተትም፣ ሥጋም ይገባል። ጥቅሙ በቀጥታ እኔንም ይነካኛልና በዚህ ላይ እኔ ድምፅ አልሰጥም፤ ስብሰባውንም በዚያ ሰዓት ምክትሌ ይመራል። ሌላው የሰፈር ደብተር ያዦችን መምረጥ ነው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሰው ብቻ ነው የሚጠይቀው። በሦስተኛው ላይ፣ ማለትም ጀነሬተር በጋራ ለሚገዙ ከማኅበሩ ተቀማጭ ብድር መስጠት ላይ፣ ሥራ አስፈጻሚው ራሱ አልተስማማም። እኔ እደግፋለሁ። ገንዘብ ያዣችን ይቃወማሉ፤ ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም። ሁለታችንንም ሰምታችሁ ወስኑ።

አሁን ገንዘብ ያዣችን ሪፖርታቸውን ያቅርቡ። መብራቱ ከሄደ በሩን ክፈቱላቸው፤ ወረቀቱን በፀሐይ ያነቡታል።