የእንሰት ግንድ የት ነው?

[ምስል፦ ጓሮ ውስጥ የተተከሉ ረጃጅም እንሰቶች። ካሜራው ከመሬት ተነስቶ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል።]

ይህን ተክል እዩት። ቁመቱ ከ5 ሜትር ያልፋል። ከመሬት ተነስቶ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ወፍራም ነገር ምንድነው ብትባሉ፣ ግንድ ነው ትላላችሁ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ግን ግንድ አይደለም። ከታች እስከ ላይ ቅጠል ነው።

ሰላም ናችሁ ተመልካቾች። ዛሬ ስለ እንሰት ነው የምናወራው። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በሀዲያ፣ በከምባታ፣ በጋሞ፣ በከፋና በሌሎችም አካባቢዎች ወደ 20 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ምግብ ነው። ሰሜን ላይ ደግሞ ኮባ ይባላል፤ ለበዓል ድፎ ዳቦ የሚጋገረው በእሱ ቅጠል ተጠቅልሎ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኤንሴቴ ቬንትሪኮሰም ይባላል። የሙዝ የቅርብ ዘመድ ነው። በዱር ሲታይ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይበቅላል፤ ለምግብ ብሎ ያላመደው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው።

[ምስል፦ በአግድም የተቆረጠ እንሰት፣ ከላይ ሲታይ።]

አሁን ቆርጠን እንየው። ሽንኩርት ስትቆርጡ የምታዩት ዓይነት ክብ በክብ ነው። እያንዳንዱ ክብ የአንድ ቅጠል እግር ነው፤ የእጽዋት ባለሙያዎች የቅጠል ሰገባ ይሉታል። አንዱ ሰገባ ሌላውን አጥብቆ ያቅፋል፣ እሱንም ሌላው ያቅፈዋል። እንጨት የሚባል ነገር የለበትም። ስለዚህ ይህ ክፍል ሐሰተኛ ግንድ ይባላል።

እንጨት ከሌለ ታዲያ ምን አቆመው? ውሃ። በውሃ የተሞሉ ሴሎች እንደተነፋ ኳስ ይወጠራሉ። ሰገባው ውስጥ ደግሞ በስስ ግድግዳ የተከፋፈሉ የአየር ክፍሎች አሉ፤ ቅልል ያደርጉታል። በእነዚህ መሃል ከታች ወደ ላይ የሚሮጡ ጠንካራ ክሮች አሉ። ገመድ የሚገመድበት፣ ጆንያ የሚሠራበት ቃጫ እነሱ ናቸው። ለእኛ ቃጫ ነው፤ ለተክሉ ግን ውሃና ምግብ የሚመላለስባቸውን ቱቦዎች አጅቦ የሚይዝ ድጋፍ ነው።

ግራርን ወይም ዋንዛን አስቡ። ካምቢየም የሚባል የሴል ንብርብር ስላላቸው፣ በየጊዜው አዲስ እንጨት እየጨመሩ ይወፍራሉ። እንሰት ባለ አንድ ክክ ተክል ነው፤ እንደ ጤፍና እንደ በቆሎ። ካምቢየም የለውም። መወፈር ሲያስፈልገው አዲስ ቅጠል ከመሃል ይጨምራል፣ አሮጌው ወደ ውጭ ይገፋል፣ ይደርቃል። ነገሩ ርካሽ አሠራር ነው፤ እንጨት መሥራት ለተክል ብዙ ወጪ ነው። እንሰት ያን ወጪ አስቀርቶ ግዙፍ ቅጠል ያወጣበታል።

[ምስል፦ በነፋስ የተተረተረ ቅጠል፣ በቅርበት።]

ቅጠሉን እዩት። ርዝመቱ ብዙ ሜትር ነው፣ ስፋቱም አንድ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ትልቅ ቅጠል ብዙ ብርሃን ይይዛል፣ ብዙ ስኳር ይሠራል። ችግሩ ነፋስ ነው። እንዲህ ያለ ሸራ ዘርግቶ መቆም ከሥር መነቀልን ያመጣል። የእንሰት ቅጠል ግን ይተረተራል። ውሃ የሚያመላልሱት የጎን መስመሮቹ ከመሃሉ አውታር ተነስተው ጎን ለጎን ወደ ዳር ስለሚሄዱ፣ ቅጠሉ የሚቀደደው በመሃላቸው ነው። ቱቦዎቹ አይቆረጡም። እያንዳንዱ ቁራጭ ሥራውን ይቀጥላል፣ ነፋሱም በክፍተቱ ያልፋል። የተተረተረ እንሰት ስታዩ የታመመ እንዳይመስላችሁ።

[ምስል፦ የተቆፈረ እንሰት፤ ከመሬት በታች ያለው ድብልብል ክፍል።]

እሺ፣ እውነተኛው ግንድስ? መሬት ውስጥ ነው። ይህ ድብልብል ነገር እሱ ነው። ሲቀቀል አሚቾ ብለን የምንበላው ይህን ነው። ሥር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ሥሮቹ ግን ከእሱ ዙሪያ እንደ ገመድ የሚወጡት ቀጫጭኖቹ ናቸው። ግንድ መሆኑን በምን እናውቃለን? ቅጠሎቹ ሁሉ ከእሱ ይነሳሉ። አናቱ ላይ፣ በሰገባዎቹ መሃል ተደብቆ፣ የእድገቱ ጫፍ አለ። አዲስ ቅጠል በሙሉ የሚወለደው እዚያች ትንሽ ቦታ ላይ ነው።

ቦታው በጣም ብልህ ነው። በረዶ ቅጠሉን ቢመታው፣ ከብት ቢበላው፣ ጫፉ ታች ተሸፍኖ ተቀምጧል። ለማመን ከፈለጋችሁ ጓሮ ያለ ሙዝ ወይም እንሰት ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡና ለጥቂት ሰዓታት ተዉት። ከመሃል ያለው ወጣት ቅጠል ከቁርጡ በላይ ብቅ ብሎ ታገኙታላችሁ። (ተክሉ የናንተ ከሆነ ብቻ! የጎረቤት ከሆነ እኔ የለሁበትም።)

[ምስል፦ ገበሬ የእንሰቱን መሃል በቢላ ሲያወጣ።]

አሁን እኔን በጣም የሚገርመኝ ክፍል ላይ ደረስን። ሙዝ በራሱ ጊዜ ከጎኑ ልጆች ያወጣል። እንሰት ግን ብዙውን ጊዜ አያወጣም። የእድገቱ ጫፍ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ወደ ታች ይልካል፤ በዚህ ምክንያት ግንዱ ላይ የተኙት ቡቃያዎች እንደተኙ ይቀራሉ።

ገበሬው ምን ያደርጋል? ጥቂት ዓመት የሆነውን እንሰት ከመሬት አካባቢ ይቆርጠዋል። ከዚያ ያችን ጫፍ ፈልፍሎ ያወጣታል። አንዳንዱ ግንዱን ለሁለት ወይም ለአራት ይከፍለዋል። አፈርና ፍግ አልብሶ ይቀብረዋል። አለቃው ሄደ፣ ከላይ የሚመጣው ሆርሞን ተቋረጠ፣ የተኙት ነቁ። ከአንድ እናት በደርዘን የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከመቶ በላይ ችግኞች ይፈላሉ። ኦክሲን በቤተ ሙከራ የታወቀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የእንሰት ገበሬ ግን የትኛዋን ጫፍ ማውጣት እንዳለበት ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ ያውቅ ነበር።

[ምስል፦ ያበበ እንሰት።]

አበባውስ? እንሰት በሕይወቱ አንዴ ብቻ ያብባል። እንደ አየሩና እንደ ዝርያው ብዙ ዓመት ይቆያል፤ በደጋ ይዘገያል። ጊዜው ሲደርስ ያ መሬት ውስጥ የነበረው ግንድ መርዘም ይጀምራል። በሰገባዎቹ መሃል አልፎ አናት ላይ ይወጣና አበባውን ወደ ታች ያንጠለጥላል። ፍሬው ሙዝ ይመስላል፤ ግን በድንጋይ በሚመስሉ ጥቁር ዘሮች የተሞላ ስለሆነ አይበላም። ከዚያ ተክሉ ይሞታል።

በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ቅጠሉ የሠራው ስኳር ስታርች ሆኖ በሰገባውና በአሚቾው ሲጠራቀም ነበር። አበባው ሲመጣ ያ ሁሉ ወደ ፍሬና ወደ ዘር መፍሰስ ይጀምራል። ስለዚህ እናቶች እንሰቱን የሚፍቁት አበባው ብቅ ሲል ወይም ትንሽ ቀደም ብለው ነው። ጎተራው ጢም ያለው ያኔ ነዋ። የተፋቀው ጉድጓድ ውስጥ ተብላልቶ ቆጮ ይሆናል፤ ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጭ ስታርች ደግሞ ቡላ ነው። ፕሮቲን ግን ብዙም የለውም፤ ተክሉ ያጠራቀመው ኃይል ነው። ከአይብ፣ ከጎመን፣ ከክትፎ ጋር መቅረቡ ያለ ነገር አይደለም።

የዝናብ እጥረት ሲመጣም ይኸው ክምችት ይሠራል። ሰገባው ውሃ፣ አሚቾው ምግብ ይዟል። ጤፍ በአበባው ወቅት ዝናብ ካጣ የዓመቱ ምርት ሄደ ማለት ነው። እንሰት ግን እድገቱን ቀዝቀዝ አድርጎ ይጠብቃል። ቤተሰቡ ከተቸገረ ደግሞ ያልደረሰውንም ቆርጦ ይበላል።

[ምስል፦ መሃል ቅጠሉ ቢጫ የሆነና የጠወለገ እንሰት።]

ይህ ሁሉ አሠራር አንድ ደካማ ጎን አለው። አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ውሃ በሚያመላልሱት ቱቦዎች ውስጥ ይራባል። መንገዱ ሲዘጋ ቅጠሉ በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ይጠወልጋል። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኢትዮጵያ ውስጥ የገለጹት በሽታ ነው። የሚገባው በቁስል በኩል ነው። እንሰት ደግሞ በቢላ የሚኖር ተክል ነው፤ ቅጠሉ ይቆረጣል፣ አናቱ ይወጣል፣ ይፋቃል። የታመመውን የቆረጠ ቢላ ጤነኛውን ከነካ በሽታውን ወሰደለት ማለት ነው።

ፈውስ የሚሆን መድኃኒት የለም። ቢላውን በእሳት መለብለብ፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ከብት ወደ እንሰቱ እንዳይገባ መከልከል፤ መከላከያው ይህ ነው። ሌላም አለ። ከአንድ እናት የወጡ ችግኞች ሁሉ በዘር አንድ ናቸው፤ በሽታ አንዱን በቀላሉ ከጣለ ሌላውንም ይጥላል። አንዳንድ ዝርያዎች ግን ከሌሎቹ የተሻለ ይቋቋማሉ። ጓሮውን በአንድ ዝርያ ብቻ የሞላ ገበሬ እምብዛም አይገኝም። አንዱ ለቡላ፣ አንዱ ለአሚቾ፣ አንዱ ለቃጫ፣ አንዱ ቶሎ ስለሚደርስ እያለ ቀላቅሎ ይተክላል።