ማን አሸነፈ?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። መሽቷል፣ ቤቱ ፀጥ ብሏል፣ ሻዬን ይዣለሁ። ስለ ጌም ላወራችሁ ነው።

ባለፈው እሁድ እህቴ ቤት ምሳ ተጠርቼ ነበር። የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሶፋው ላይ ተጋድሞ በእናቱ ስልክ ይጫወታል። አንድ ሰውዬ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ሳንቲም ይለቅማል። ሲጋጭ ማስታወቂያ ይመጣል፤ ማስታወቂያው ሲያበቃ ሰውዬው ካቆመበት ተነስቶ ይሮጣል። አጠገቡ ቁጭ አልኩና «ማን እያሸነፈ ነው?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ጥያቄው ግራ ገባው።

«ማሸነፍ የለውም እኮ ጋሼ፣ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው።»

«እሺ፣ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«አያልቅም።»

ይቺ «አያልቅም» ሳምንቱን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣችም። ልጁ እያማረረ አይደለም ያለኝ። ዛሬ እሁድ ነው እንደሚል ሰው ነው የነገረኝ። እኔ ግን ከፋኝ። ለምን እንደከፋኝ ነው ዛሬ ማውራት የፈለግኩት።

ጌም መጫወት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከሥራ መልስ፣ ቅዳሜ ማታ፣ በዓል ሲሆን እጫወታለሁ። ሙያዬ አይደለም፤ ከልቤ የምወደው ነገር ነው። እና አንድ ነገር ላይ አቋም አለኝ። ጨዋታ ማለቅ አለበት።

ይሄን ያስተማረችኝ የሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ናት። አዲስ አበባ፣ 1999 ዓ.ም. ገደማ። ከግቢ አጥር ጋር ተያይዛ የተሠራች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን ቱ፣ ገመዳቸው በፕላስተር የተጠመጠመ አራት ጆይስቲክ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ። መጋረጃው ሁልጊዜ ዝግ ነው። አንድም ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እንዳታርፍ፣ አንድም በመንገድ የሚያልፍ አባት ልጁን እንዳያይ። ፕሌይስቴሽን ቱ በዓለም ላይ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ በታሪክ እንደሱ የተሸጠ የቤት ጌም ማጫወቻ የለም። ያኔ ይሄን አላውቅም። እኔ የማውቀው እነዚያን ሁለቱን ነው። የግራው ደህና ነበር። የቀኙ ሲዲ ያስቸግረዋል፤ በጎኑ ካልቆመ አያነብም።

ሕጉ ቀላል ነው። አንድ ጨዋታ አሥር ደቂቃ፣ አንድ ብር። የተሸነፈ ይከፍላል፣ ይነሳል። ያሸነፈ ቁጭ ብሎ ተረኛውን ይጠብቃል። አንድ ብር ይዞ የገባ ልጅ ጎበዝ ከሆነ በዚያችው ብር እስኪመሽ ይጫወታል። ካልሆነለት በአሥር ደቂቃ ውስጥ አግዳሚው ላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ኳስ ዋጋ ነበራት። ሁለት ለዜሮ እየተመራ የሚዝናና ልጅ አይቼ አላውቅም።

አግዳሚውም ራሱን የቻለ ዓለም ነበር። አማርኛችን «ጨዋታ» የሚለውን ቃል ለወሬውም ለጌሙም አንድ አድርጎ መያዙ በጣም ደስ ይለኛል። እንግዳ ዝም ሲል «ተጫወት እንጂ» እንለዋለን አይደል? እዚያ ቤት ሁለቱ አይለያዩም። ሁለት ልጆች በእጃቸው ይጫወታሉ፣ ስምንቱ በአፋቸው። «ስጠው! ስጠው! ለምን አትሰጠውም?» የሚለው ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

የምንጫወተው ፔስ ነው፤ ኮናሚ የሚባል የጃፓን ኩባንያ የሚሠራው የእግር ኳስ ጌም። ኮናሚ የብዙ ክለቦች ፈቃድ ስላልነበረው ስማቸው ተቀይሮ ነው የሚመጣው። ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ» ነበር። ማንም ግድ የለውም፤ ማልያው ቀይ ነው፣ ጄራርድም አለ፣ በቃ ሊቨርፑል ነው። ኢንተርን መያዝ ግን በቤቱ ሕግ ክልክል ነበር። በአጥቂያቸው በአድሪያኖ ምክንያት። ፔስ 6 ላይ የአድሪያኖ የምት ኃይል 99 ነው። የተጫወታችሁ ታውቁታላችሁ። በግራ እግሩ ከሩቅ ከለቀቃት በረኛው ማየት እንጂ ሌላ ሥራ የለውም።

መብራት ሲሄድስ? ለዚህም ሕግ ነበር። ስክሪኑ ላይ በሚቆጥረው ሰዓት ከሰባኛው ደቂቃ በፊት ከሄደ ጨዋታው እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ከሰባኛው በኋላ ከሄደ እየመራ የነበረው አሸነፈ። አንድ ምሽት በሰፈሩ ከሚፈራ ልጅ ጋር ደረሰኝ። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ከሰዓቱን ሙሉ ማንም አላስነሳውም። አንድ ለዜሮ መራኝ። አቻ አደረግኩ። ከዚያ ከማዕዘን ምት በግንባር ሁለተኛዋን አገባሁ። ኳሷ መረብ እንደነካች መብራት ጥፍት።

ጨለማ ውስጥ ጦርነት ሆነ። ስልሳ ዘጠነኛው ደቂቃ ነበር የሚል አለ፣ ሰባ አንደኛው ነበር የሚል አለ። ባለቤቱን ጋሼ ነበር የምንለው። ሻማ ለኮሰና አግዳሚው ላይ ያለውን ልጅ ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀ፤ እንደ ሽማግሌ፣ ሳይቸኩል። መጨረሻ ላይ «ሰባ አንድ ነው» አለ። ያ ልጅ አንድ ብሩን አውጥቶ ከፈለ። ከዚያ በጨለማው እጄን ፈልጎ ጨበጠኝ። ይሄው ስንት ዓመቱ፣ የሻማው ሽታ ሳይቀር ትዝ ይለኛል።

አሁን ሌላውን ልንገራችሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ስልኬ ላይ አንድ የከተማ መገንቢያ ጌም ጫንኩ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ቤት ትሠራለህ፣ ቤቱ ለማለቅ ስምንት ሰዓት ይፈጃል፣ መጠበቅ ካልፈለግክ ትከፍላለህ። በየቀኑ ከገባህ ስጦታ አለ፤ አንድ ቀን ከዘለልክ ስጦታው ከአንድ ይጀምራል። አራት ወር ተጫወትኩት። ሌሊት ተነስቼ ስጦታ የሰበሰብኩበት ቀን አለ። ከዚያ አራት ወር ውስጥ ግን አሁን ንገረን ብትሉኝ የማወራላችሁ አንድም ነገር የለኝም። አንድም። የአሥር ደቂቃዋን ጨዋታ በዝርዝር አስታውሳለሁ፣ የአራት ወሩን ምኑንም አላስታውስም። ይሄ ያሳዝነኛል። ጊዜው የኔ ነበር።

ፔስ ራሱ ተለውጧል። ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2021 የድሮውን ስም ትቶ ኢፉትቦል አለው፣ በነፃም አደረገው። ነፃ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ውድ ሲዲ መግዛት ለማይችል ልጅ በር ይከፍታል፣ ይሄን አልክድም። ግን በነፃ የሚሰጥ ጌም ገቢውን ሌላ ቦታ ነው የሚፈልገው። አንተ በየቀኑ ተመልሰህ እንድትመጣ ይፈልጋል። የተጫዋች ካርድ ይመጣል፣ ውድድር ይመጣል፣ ያ ሲያልቅ ሌላ ይተካል። ፊፋ የሚባለው ሌላው የእግር ኳስ ጌምም፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ስሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ነው፣ የራሱ የካርድ ጥቅል አለው። ውስጡ ማን እንዳለ ሳታውቅ ትገዛለህ፤ ምባፔም ሊሆን ይችላል፣ ስሙን ሰምተህ የማታውቀው ተከላካይም ሊሆን ይችላል። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያለውን በገንዘብ የሚገዛ የዕድል ሳጥን ቁማር ነው አለች። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ፊፋ ውስጥ ጥቅሉ የሚገዛበት የነጥብ ሽያጭ እዚያ አገር ቆመ። እኔ ከቤልጂየሞቹ ጋር ነኝ። ልጅ እያለን ብራችንን ስንከፍል ምን እንደምናገኝ እናውቅ ነበር። አሥር ደቂቃ።

ረጅም ጌም አልወድም ማለቴ ግን አይደለም። ሲቪላይዜሽን ፋይቭን፣ አንድ አገር ይዘህ ከጥንት ጀምሮ የምታሳድግበትን ጌም፣ ስንት ሌሊት ተጫውቼዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ማስፋፊያው፣ ማለትም ጌሙ ላይ በሚጨመረው ክፍል፣ ኢትዮጵያ ገብታለች፣ መሪዋ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ሐውልት የሚለው ሕንፃ አለ፣ መሐል ሰፋሪ የሚባል ጦር አለ። ከሁሉም የምወደው ግን የአድዋ መንፈስ የሚሉትን ነው። ካንተ የበለጠ ከተማ ካለው መንግሥት ጋር ስትዋጋ ወታደርህ 20 በመቶ ይበረታል። የሠራው ሰው አስቦበታል። አንድ ጨዋታ ብዙ ሰዓት ይወስዳል፣ ግን መጨረሻ አለው። ማንም ካላሸነፈ የጌሙ ዘመን እ.ኤ.አ. 2050 ሲደርስ ነጥብ ተቆጥሮ አሸናፊው ይለያል። ከዚያ በኋላ «አንድ ዙር ብቻ ልጨምር» የሚል ቁልፍ ይመጣልሃል። ያንን ቁልፍ እኔ አልነካውም።

ከተማ ገንብተህ፣ ጦር አሰልፈህ የምትዋጋበት ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ቱም እንደዚያው ነው። ይሄን ደግሞ ያልሰማችሁ ካላችሁ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የአፍሪካ መንግሥታት የገቡበት ማስፋፊያ ወጣ። ኢትዮጵያውያን አሉበት፣ ሾተል የያዘ ተዋጊ አለ፣ የዮዲት ዘመቻም አለ። እኔ ይሄን ሁሉ ሳላነብ ነው የከፈትኩት። ገበሬውን ነካሁት። በአማርኛ መለሰልኝ። እጄ ማውሱ ላይ ቀረ። ደግሜ ነካሁት፣ ደግሞ መለሰ። ለደቂቃዎች እንጨት ማስቆረጡን ትቼ ሰዎቼን እያዞርኩ ሳናግር ቆየሁ። በልጅነቴ የተጫወትኩት ጌም ሁሉ በሰው ቋንቋ ነው የሚያወራው። እኛም እዚያ ውስጥ እንኖራለን ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። በዚያ ጨዋታ ተሸነፍኩ፣ ከተማዬ ተቃጠለ። ደስታዬ ግን ለብቻው ነበር።

መጨረሻ የሌለውን ጌም መጨረሻ ያበጁለት ሰዎችም አሉ። ቴትሪስን አስቡት። አሌክሲ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ላይ የሠራው ነው። ሳጥኖቹ ይወርዳሉ፣ ትደረድራለህ፣ ይፈጥናሉ፣ በመጨረሻ ትሸነፋለህ። መሸነፍ ብቻ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን የኒንቴንዶውን ቴትሪስ ሰዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዲህ ነው የተጫወቱት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 አንድ የኦክላሆማ ልጅ 157ኛው ደረጃ ላይ ደረሰ። ዕድሜው 13 ነው። እዚያ ጌሙ ራሱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። ልጁ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጦ ትንፋሽ አጥሮታል። እኔም አብሬው ትንፋሽ አጠረኝ። ያ ልጅ አልሸነፍም ብሎ መጨረሻውን ሄዶ አመጣው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ጌም በከባዱ ደረጃ ካልተጫወትክ አልተጫወትክም ይሉኛል። እኔ አልስማማም። ደክሞኝ ከሥራ ስመጣ በቀላሉ እጫወታለሁ፣ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አያለሁ፣ እዘጋዋለሁ። በከባዱ ጀምሬ መንገድ ላይ ከምተወው ይሄ ይሻለኛል። አንድ ጌም ጨርሼ የሠሩት ሰዎች ስም ዝርዝር ሲወርድ እስከ ታች አነባለሁ።

ትናንት ቅዳሜ ወደ እህቴ ቤት ተመለስኩ። ከመርካቶ አሮጌ የገዛሁት ፕሌይስቴሽን ቱ አለኝ። በፌስታል ጠቅልዬ፣ ሁለት ጆይስቲክ ይዤ ሄድኩ። የእህቴ ልጅ ገመድ ያለው ጆይስቲክ ሲያይ ገረመው። ሕጉን ነገርኩት። አምስት ጨዋታ፣ ከዚያ በቃ። ፔስ 6 ከፈትን። ኢንተርን እንዲይዝ ፈቀድኩለት።

የመጀመሪያውን አራት ለዜሮ ረታሁት። አልለቀቅኩለትም፣ መልቀቅ አልወድም። ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም ወሰድኩ። አራተኛው ላይ አድሪያኖን አገኘው። እንዴት እንደሚመታ ገባው፣ አቻ ወጣን። አምስተኛው ላይ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ ምላሱ ወጥቷል፣ አይናገርም። አንድ ለአንድ ነን። ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ከሩቅ ለቀቃት። በረኛዬ አያት።

ፊሽካው ተነፋ። ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«አሸነፍኩ ማለት ነው?»

«አሸነፍክ።»

ጆይስቲኩን መሬት ላይ አስቀመጠና በባዶ እግሩ ወደ ማድ ቤት ሮጠ። «እማዬ! እማዬ! ምን እንደሆነ ልንገርሽ!»