መያዣው ልጅ

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከደብሊን አውቶብስ ተሳፍሬ ፈርንስ የምትባል ትንሽ ከተማ ሄጄ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከመቃብሮቹ መሀል፣ አናቱ የጠፋ የድንጋይ መስቀል ግንድ ቆሟል። ጎኑ ላይ ጥልፍልፍ ተቀርጾበታል። የሌንስተር ግዛት ንጉሥ የዲያርሙድ ማክመሮ መቃብር ነው ይባላል፤ ኖርማኖቹን፣ ከእንግሊዝ በኩል የመጡትን ባዕድ ጦረኞች፣ ወደ አየርላንድ የጠራው ሰውዬ። እዚህ አገር ስሙን በደግ የሚያነሣው ጥቂት ነው።

ታሪኩን ብዙ ሰው በሴት ነገር ይጀምረዋል። በ1152 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የብሬፍኒውን ንጉሥ የቲርናን ኦሩርክን ሚስት ደርቮርጊላን ከነከብቶቿ ይዞ ሄደ። በዓመቱ ተመለሰች። ዲያርሙድ ግን ከአገር የተባረረው በ1166 ነው። አሥራ አራት ዓመት ተቀምጦ የሚፈነዳ ቅናት ለእኔ አይዋጥልኝም። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያው ዓመት ይጠብቀው የነበረው የሰሜኑ ንጉሥ ማክሎክሊን ተገደለ፤ ጥላው ሲነሣ ጠላቶቹ መጡበት።

የጌሎቹ፣ የጥንቶቹ አይሪሾች፣ ሥርዓት የበኩር ልጅ ይንገሥ አይልም ነበር። አባቱ፣ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ የነገሠ ወንድ ሁሉ ዙፋኑን መመኘት ይችላል። ስለዚህ የንጉሥ ትልቁ ጠላት የአጎቱ ልጅ ነው። አካሉ የጎደለ ሰው ደግሞ አይነግሥም። በ1141 ዲያርሙድ ራሱ ከሌንስተር መኳንንት አሥራ ሰባቱን ገሚሱን ገደለ፣ ገሚሱን ዓይናቸውን አጠፋ። ባለ ዙፋን ሆኖ ለመቆየት የሚከፈለው ይህ ነበር።

ሌላው ነገር መያዣ ነው። ትንሹ ንጉሥ ለትልቁ ሲገብር ከብት ብቻ አይሰጥም፤ ልጁን ይሰጣል። መያዣ በእጁ የሌለው ንጉሥ፣ ንጉሥ አይባልም ነበር። እኔ እዚህ ላይ ነው የቆምኩት። እናቴ ቤሩት ስትሄድ አክስቴ ዘንድ አደራ ተሰጥቼ አድጌያለሁ። አክስቴ ክፉ አልነበረችም። ግን እናቴ ገንዘብ ያልላከች ወር ሳህኑ ሲቀርብ የማየው ፊት ሌላ ነበር፤ ልጅ ሆነህ በሌላ ሰው ቃል ተመዝነህ እንደምትበላ ቶሎ ይገባሃል።

በ1169 ዲያርሙድ የጠራቸው ኖርማኖች የዌክስፎርድን ከተማ ሲይዙ የምዕራቡ ግዛት የኮናክት ንጉሥ ሮሪ ኦኮነር፣ የአየርላንድ ንጉሠ ነገሥት የሚባለው፣ ጦሩን ይዞ እስከ ፈርንስ መጣ። ታረቁ። ሌንስተር ለዲያርሙድ ይመለስ፣ እሱም የባዕድ ጦር ከእንግዲህ አያስገባ ተባለ። ለቃሉ ልጁን ኮኖርን ሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት ግን የኖርማኖቹ አለቃ ስትሮንግቦው ከነሠራዊቱ ወተርፎርድ ወረደ፤ ዲያርሙድ ልጁን ኢፋን ዳረለት። ወዲያው አብረው ደብሊንን ያዙ። አንዷን ልጁን ሲድር ሌላው ልጁ የት እንደነበረ ያውቃል።

ሮሪ መያዣዎቹን ገደላቸው። ኮኖርን፣ የዲያርሙድን የልጅ ልጅ፣ አብሮት ጡት ጠብቶ ያደገውንም ሰው ልጅ። በጌሎች ዘንድ በአንድ አሳዳጊ ቤት ያደጉ ልጆች ከሥጋ ወንድም አያንሱም፤ ሦስተኛው ልጅ ያለ ምክንያት አልተመረጠም።

ስለ ዲያርሙድ «ከሐዲ» የሚለው ቃል ለእኔ ሩቅ ነው። አገር የሚባለውን እሱ እንዴት እንደሚያየው አላውቅም። ልጁን ግን አሳልፎ ሲሰጥ ያውቀዋል። ብዙም አልቆየ፣ በግንቦት 1171 ፈርንስ ውስጥ ሞተ።

የሮሪም ቤት አልዳነም። በ1177 የገዛ ልጁ ሙርሃድ ኖርማኖችን እየመራ ኮናክት አስገባበት። ጦሩ ተመለሰ፣ ልጁ ተያዘ። ሮሪ የልጁን ዓይን አስጠፋ።

ፈርንስ ግቢ ውስጥ ያን የመስቀል ግንድ ስዳስስ ዝናብ ጀመረ። የኮኖርን ስም ፈለግኩ፣ አላገኘሁም። አውቶብሱ አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር፣ ሮጥኩ።