ሦስቱ ፊደላትና ቀዩ አሳማ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬ የገቡልን ስልኮች አብዛኞቹ በፈጣኖቹ የመርሴዲስ የቤት መኪኖች፣ በኤኤምጂዎቹ ዙሪያ ናቸው። እኔም ብዙ ዓመት የምወደው ርዕስ ስለሆነ ደስ እያለኝ እመልሳለሁ። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሳሪስ የደወለ ወጣት፦ ኤኤምጂ ምን ማለት ነው? ጓደኛዬ መርሴዲስ ራሱ ያቋቋመው የስፖርት ክፍል ነው ይለኛል።

ዛሬ የመርሴዲስ መሆኑ እውነት ነው፤ ያቋቋመው ግን መርሴዲስ አይደለም። ሐንስ ቨርነር አውፍሬኽትና ኤርሃርድ ሜልኸር የሚባሉ ሁለት ወጣቶች በመርሴዲስ አምራቹ በዳይምለር ቤንዝ የሞተር ልማት ክፍል ውስጥ በ300 ኤስኢ የእሽቅድምድም ሞተር ላይ ይሠሩ ነበር። ኩባንያው የእሽቅድምድም ሥራውን ሲያቆም እነሱ ሥራውን አልተዉትም፤ ማታ ማታ ግሮስአስፓኽ በሚባል የጀርመን መንደር በሚገኘው የአውፍሬኽት ቤት ሞተሩን መነካካት ቀጠሉ። በ1967 ደግሞ ቡርግሽታል በሚባል መንደር፣ አንድ አሮጌ ወፍጮ ቤት ውስጥ የራሳቸውን ድርጅት ከፈቱ። ኤ ለአውፍሬኽት፣ ኤም ለሜልኸር፣ ጂ ደግሞ ለግሮስአስፓኽ ነው። መንደር ከነስሙ በዓለም ሁሉ መኪኖች ላይ ተለጥፎ ይዞራል ማለት ነው።

መርሴዲስ ከእነሱ ጋር በውል መሥራት የጀመረው በ1990 ነው። አብረው የሠሩት የመጀመሪያው መኪና፣ ሲ 36፣ በ1993 ወጣ። ድርጅቱን ሙሉ በሙሉ የጠቀለለው ደግሞ በ2005 ነው። ከ1990ው ውል በፊት የነበሩት ከሃያ ዓመት በላይ የሁለቱ ሰዎች ድካም ናቸው፤ ጓደኛህ ይህን እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወሉ አባት፦ “ቀይ አሳማ” የሚሉት መኪና ታሪኩ ምንድን ነው?

ጋሼ፣ ይህን ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ፤ ከመነሻው ልጀምርልዎ። መርሴዲስ 600 የሚባለውን የመሪዎችና የንጉሦች ትልቅ መኪና ያስታውሳሉ። ሞተሩ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 6.3 ሊትር ነበር። ኤሪኽ ቫክሰንበርገር የተባለ የኩባንያው መሐንዲስ ይህን ሞተር አንሥቶ ከዚያ በሚያንሰው መኪና ውስጥ ከተተው፤ ማንም ሳያዘው፣ በራሱ ተነሣሽነት። እንደሚነገረው፣ አለቃው ሩዶልፍ ኡህለንሃውት መኪናውን ሲሞክር ቀይ መብራት ላይ ቆመና ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፤ ያ ሁሉ ሞተር እንዴት እንደገባ ማመን ስላልቻለ ነው። ቦታው ጢም ብሏል፣ እጅ ማስገቢያ እንኳን የለም። 300 ኤስኢኤል 6.3 ተብሎ በ1968 ጄኔቫ ላይ ቀረበ። 250 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ከቆመበት ተነሥቶ 100 ለመድረስ 6.5 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ያን ጊዜ ይህን የሚያደርጉት ባለሁለት ወንበር የስፖርት መኪኖች ነበሩ።

አውፍሬኽትና ሜልኸር ታዲያ ይህን መኪና ያዙና ሞተሩን ወደ 6.8 ሊትር አሳደጉት፤ ጉልበቱ 428 ደረሰ። በሮቹን በአሉሚኒየም ቀየሩ፣ ፓራፋንጎውን አሰፉ፣ ቀይ ቀቡት፤ “ቀይ አሳማ” የሚሉት እሱን ነው። ሐምሌ 1971 ቤልጂግ ውስጥ በስፓ የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ሐንስ ሃየርና ክሌመንስ ሺከንታንስ ነዱት። ያን የሚያህል የባለሥልጣን መኪና ከቀላሎቹ መካከል ሲሰለፍ ያየ ሁሉ ተገርሟል። ነዳጅና ጎማ በኃይል ይበላ ስለነበር ቶሎ ቶሎ ለመቆም ይገደድ ነበር፤ ቀጥታው መንገድ ላይ ግን የሚደርስበት አልነበረም። በምድቡ አንደኛ፣ በአጠቃላይ ደግሞ ሁለተኛ ወጣ። ማታውኑ ስሙ በጀርመን ቴሌቪዥን ተሰማ፤ ኤኤምጂም ከዚያ ቀን ጀምሮ ታወቀ።

መኪናው ራሱ ግን የለም። ማትራ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ገዝቶ የአውሮፕላን ጎማ መሞከሪያ አደረገው፤ መሐሉን ቆርጠው አስረዘሙት። ዛሬ በኤግዚቢሽን የሚታየው በኋላ የተሠራ አምሳያው ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

መርካቶ አካባቢ ጋራዥ ያለው ወንድማችን፦ የመርሴዲስን 500 ኢ የሠራው ፖርሽ ነው ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። መርሴዲስ በ1990 ያሳየው 500 ኢ ባለ 5 ሊትር፣ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተርና 326 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ፓራፋንጎው ከተራው መኪና ስለሰፋ ሲንድልፊንገን ካለው የመርሴዲስ ፋብሪካ መስመር ጋር አልገጥም አለ። ፖርሽ ደግሞ ያን ጊዜ ሥራ ጠፍቶበት ነበር። ስለዚህ ቦዲው ዙፈንሃውዘን ፖርሽ ዘንድ ይገጣጠማል፣ ለቀለም ወደ ሲንድልፊንገን ይመለሳል፣ ለሞተርና ለውስጥ ዕቃው እንደገና ፖርሽ ዘንድ ይሄዳል። አንዱ መኪና 18 ቀን ይፈጅ ነበር። በጠቅላላው 10,479 ብቻ ተሠሩ። ስለዚህ ወንድሜ፣ አንዱ ጋራዥህ ከገባ ቴስታታውን ለማውረድ አትቸኩል፤ መጀመሪያ የሞተሩን ገመዶች እይ። የዚያ ዘመን መርሴዲሶች የገመድ ሽፋን በሙቀት ይፈረፈራል፤ ሞተር ሞተ የሚያሰኘው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ከአዳማ፣ በጽሑፍ፦ ከፈጣኖቹ የቤት መኪኖች ቀድሞ የወጣው ቢኤምደብሊው ኤም5 አይደለም?

ኤም5 የወጣው በ1985 ነው፤ ከኤም1 የስፖርት መኪና የመጣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 286 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይዞ። ግሩም መኪና ነው። የመርሴዲሱ 6.3 ግን በ17 ዓመት ይቀድመዋል።

ከሲኤምሲ የደወለች እህት፦ ልገዛው ያሰብኩት መኪና ፖርታባጋሊዮ ላይ ኤኤምጂ ይላል። በምን ልመን?

በፊደሉ አትመኚ፣ እህቴ። ባለፈው ሳምንት ጋራዥ የገባች አንዲት ሲ 180 ላይ ፊደሉን በጥፍሬ ጫፍ ነካ ሳደርገው ከነሙጫው ተነሣ። ኮፈኑን አስከፍተሽ እዪ፤ በአንድ ሰው እጅ የተገጣጠመ የኤኤምጂ ሞተር ላይ የገጣጣሚው ፊርማ ያለበት ሳህን አለ። ባለ ቪ6 ሞተሮቹ፣ 43 የሚል ቁጥር ያላቸው ኤኤምጂዎች ግን ሳህኑ የላቸውም፤ ስለዚህ የሻንሲ ቁጥሩን አስመርምሪ። ፍሬኑንም እዪ፤ ተራ ፍሬን ካየሽ መጠርጠር አለብሽ።

እዚያው የሷ ተጨማሪ ጥያቄ፦ ጉልበቱ አዲስ አበባ ላይ ይቀንሳል የሚሉኝስ?

ልክ ናቸው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ቱርቦ ያለው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ብዙም አይጎዳም። ያ ቀይ አሳማ ቱርቦ አልነበረውም፤ ቦሌ መንገድ ላይ ቢነዳ 428ቱ ወደ 340 ገደማ ይወርዱ ነበር።